ከገለባው በታች ያለው ሰው፦ የውሃ ወፍ አዳኞች በገላጣ ማሳ ላይ እንዴት ይሰወራሉ?

የውሃ ወፍ አደን ሲባል ብዙ ሰው በዓይነ ኅሊናው የሚመጣለት ሐይቅ ዳር ሸምበቆ ውስጥ ተሸሽጎ ዳክዬ የሚጠብቅ አዳኝ ነው። በካናዳና በአሜሪካ ግን የዚህ አደን ጉልህ ክፍል የሚካሄደው ከውሃው ራቅ ብሎ፣ አዝመራው ተሰብስቦ ባለቀበት ደረቅ ማሳ ላይ ነው። እንዲህ ያለው ማሳ ዛፍም ቁጥቋጦም የለውም፤ ያለው ከቁርጭምጭሚት እምብዛም ከፍ የማይል የአገዳ ቅሪት ብቻ ነው። ወፎቹ ደግሞ የሚመጡት ከላይ ነው፤ ከመውረዳቸውም በፊት ማሳውን ደጋግመው ዞረው ይመረምሩታል። ጠመንጃ የያዙ አራትና አምስት ሰዎች፣ ከነውሻቸው፣ በእንዲህ ያለ ሜዳ መካከል ሳይታዩ እንዲቆዩ የሚያደርጋቸው ተንቀሳቃሽ ማድፈጫ የሚባለው መሣሪያ ነው።

ስለዚህ መሣሪያ በሰፊው የተለመደው ግምት ጨርቁ የማሳውን ቀለም ስለሚመስል ይሰውራል የሚል ነው። ቀለም ድርሻ ቢኖረውም ከጉዳዩ ትንሹ ክፍል ነው። ወፎቹን የሚያባርራቸው አብዛኛውን ጊዜ ጥላ፣ ብልጭታ፣ እንግዳ ቅርጽና እንቅስቃሴ ነው፤ ከእነዚህ አንዱንም ጨርቁ ብቻውን አያስቀርም። ማድፈጫው የሚሠራው ሰውየው ሲሠራበት ነው፤ ከዚህ በታች የሚብራራውም በአብዛኛው ይኸው ሥራ ነው።

ማድፈጫ ምንድን ነው? ተንቀሳቃሽ የሚያሰኘውስ ምኑ ነው?

ማድፈጫ አዳኝ ከሚያድነው እንስሳ ዓይን ተሰውሮ የሚጠብቅበት ከለላ ነው። ቋሚ ማድፈጫዎች አሉ፤ ለምሳሌ በአርካንሳስ የሩዝ ማሳዎች ላይ ከብረት ወይም ከፋይበር ግላስ የተሠሩ ትልልቅ ሣጥኖች መሬት ውስጥ ተቀብረው ለዓመታት ያገለግላሉ፤ አዳኞቹም ጉድጓዱ ውስጥ በአግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ተንቀሳቃሹ ማድፈጫ ግን የአሉሚኒየም ወይም የብረት አጽም ላይ የተወጠረ ጠንካራ ጨርቅ ነው። ይታጠፋል፣ በጀርባ ወይም በመኪና ይጫናል፣ ጎሕ ሳይቀድ ይተከላል፣ አደኑ ሲያልቅ በዚያው ቀን ይነሣል።

ከማድፈጫው ጋር አብሮ የሚነሣው ሌላው መሣሪያ ማማለያ ነው። ማማለያ ከፕላስቲክ ወይም ከጨርቅ የተሠራ የዳክዬ ወይም የዝይ አምሳያ ሲሆን፣ በርከት ብሎ ማሳው ላይ ሲደረደር በላይ የሚያልፈው መንጋ ጓደኞቹ በሰላም እየበሉ ነው ብሎ እንዲያምን ያደርገዋል። ችግሩም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው፤ አዳኙ በገዛ እጁ የወፎቹን ዓይን በሙሉ ወደ አንድ ቦታ ከጠራ በኋላ፣ በዚያው ቦታ ወይም ከጎኑ ተጋድሞ እንዳይታይ ይፈልጋል።

የውሃ ወፍ በደረቅ ማሳ ላይ ምን ይፈልጋል?

ቃርሚያ ይፈልጋል። ኮምባይነር ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን መሬት ላይ የሚጥለው እህል አለ፤ በቆሎ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ አተርና ሩዝ በተሰበሰበባቸው ማሳዎች ላይ የሚቀረው ፍሬ ከሰሜን ወደ ደቡብ ረጅም ጉዞ ለሚያደርጉት ዝዮችና ዳክዬዎች ዋና ስንቅ ሆኗል። ነጭ ቀለም ያለው የበረዶ ዝይ ቀድሞ ክረምቱን የሚያሳልፈው በባሕር ዳር ረግረግ የተክል ሥር እየቆፈረ ነበር፤ በ20ኛው መቶ ዘመን የሩዝና የበቆሎ እርሻ ሲስፋፋ ወደ ማሳው ዞረ። ከዳክዬዎች መካከል ደግሞ ማላርድ የተባለው፣ ወንዱ አረንጓዴ ራስ ያለው ዝርያ፣ በማሳ ቃርሚያ በእጅጉ ይታወቃል።

ወፎቹ የሚያድሩት ውሃ ላይ ነው። ጎሕ ሲቀድ ከማደሪያቸው ተነሥተው ወደ ማሳ ይበራሉ፣ ጠግበው ወደ ውሃው ይመለሳሉ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዳግመኛ ይወጣሉ። በዚህ ጊዜ ሁሉ ማሳ አይመርጡም ማለት አይደለም፤ ከአንድ ሰፊ ማሳ ውስጥ እንኳ ትናንት የበሉባትን ጥግ ለይተው ይመለሱባታል። ፍሬው ሲያልቅባቸው ወይም የሚያስደነግጥ ነገር ሲገጥማቸው ደግሞ ወደ ሌላ ማሳ ያልፋሉ። ስለዚህ ልምድ ያለው አዳኝ በዋዜማው ምሽት በመኪና እየተዘዋወረ ወፎቹ የትኛው ማሳ ላይ፣ ከማሳውም የትኛው ቦታ ላይ እንዳረፉ በመነጽር አይቶ ምልክት ይይዛል፤ ከባለማሳው ፈቃድ ይጠይቃል፤ በማግስቱ ጨለማ ሳለ ያችኑ ቦታ ይይዛል። የተቀበረ ሣጥን በየሌሊቱ ቦታ ሊቀይር አይችልም፤ ተንቀሳቃሹ ማድፈጫ የተፈለገው ለዚህ ነው።

ወፏ ከላይ ሆና ምን ታያለች?

የሰው ዓይኖች ፊት ለፊት የተተከሉ ስለሆኑ ከኋላችን ያለውን ለማየት መዞር አለብን። የማላርድ ዓይኖች ግን በራሷ ግራና ቀኝ ያሉ በመሆናቸው፣ ራሷን ሳታዞር ከፊቷም፣ ከኋላዋም፣ ከአናቷም በላይ ያለውን በአንድ ጊዜ ታያለች። በዚህ ላይ፣ እንደ ብዙዎቹ ወፎች፣ አጥርታ የምታየው ከፊቷ ያለውን ሳይሆን ከጎኗ ያለውን ነው። መንጋው ማሳውን ሲዞር የሚያደርገው ይህንን ነው፤ ጎኑን ለማድፈጫው የሰጠ ወፍ ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚሄድ ቢመስልም፣ ከሁሉ ይበልጥ ጥርት አድርጎ የሚያየው በዚያች ቅጽበት ነው። ጀማሪ አዳኝ «አልፈውን ሄዱ» ብሎ ቀና የሚለውም፣ የሚታየውም፣ በዚያችው ቅጽበት ነው።

ስለ ቀለምም ልዩነት አለ። የሰው ዓይን ቀለም የሚለይባቸው ሕዋሳት ሦስት ዓይነት ሲሆኑ የወፎች አራት ናቸው፤ አራተኛው ለእኛ ከወይን ጠጅ ቀለም ወዲያ ማየት ወደማንችለው ብርሃን ያዘነበለ ነው። ስለዚህ ለእኛ ከገለባው ጋር አንድ የመሰለን ጨርቅ ለወፏ የግድ አንድ አይመስላትም። ብዙ የልብስ ማጠቢያ ሳሙናዎች ጨርቅን የሚያደምቁ ኬሚካሎች ስላሉባቸው፣ አዳኞች የአደን ልብሳቸውንና የማድፈጫውን ጨርቅ በእነዚህ እንዳያጥቡ የሚመከሩትም በዚህ የተነሣ ነው።

ነገር ግን ከቀለሙ ይልቅ የሚያጋልጠው ጥላ ነው። ፀሐይ ከአድማስ በ10 ዲግሪ ያህል ከፍ ስትል፣ ማለትም ወፎቹ በሚበዙበት የማለዳ ሰዓት፣ 1.3 ሜትር ቁመት ያለው ማድፈጫ ከ7 ሜትር በላይ የሚረዝም ጥላ ይጥላል። ቁመቱ 45 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ጥላው 2.5 ሜትር ያህል ብቻ ይሆናል። መሬት ላይ ለቆመ ሰው ይህ ጥላ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ከ60 ሜትር ከፍታ ቁልቁል ለሚያይ ዓይን ግን ቢጫ ማሳ ላይ የተሠመረ ጥቁር መስመር ነው። ወፎቹ ማሳውን ትናንት አይተውታል፤ የገዛ ግቢው ውስጥ ትናንት ያልነበረ ክምር ያየ ሰው ምንነቱን ባያውቅም መጠርጠሩ እንደማይቀር ሁሉ፣ እነሱም የማድፈጫውን ምንነት ማወቅ አያስፈልጋቸውም፤ ትናንት አለመኖሩ ይበቃቸዋል።

የመጨረሻው እንቅስቃሴ ነው። ፊቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ የሚያይ ሰው ቆዳው ብርሃን ያንጸባርቃል፤ መንጋውን ተከትሎ ራሱን ሲያዞር ደግሞ ብልጭታው ይንቀሳቀሳል። የፊት መሸፈኛና ጓንት የሚደረገው ለብርድ ብቻ አይደለም።

ምን ዓይነት ማድፈጫዎች አሉ? የትኛው መቼ ይሻላል?

በማሳ ላይ በስፋት የሚታዩት ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው መጋደሚያ ማድፈጫ ነው። ለአንድ ሰው የሚሆን፣ ከጉልበት የማይበልጥ ከፍታ ያለው፣ ውስጡ በጀርባ ተጋድመው ራስን በትንሹ ቀና የሚያደርጉበት ዝቅተኛ ከለላ ነው። ከደረት በላይ እንደ መስኮት የሚገጥሙ ሁለት መዝጊያዎች አሉት፤ ፊት ላይ ደግሞ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚያሳይ ወንፊት መሰል ጨርቅ ይኖራል። ወፎቹ ሲቀርቡ አዳኙ መዝጊያዎቹን ወደ ጎን ገፍቶ በአንድ ጊዜ ቁጭ ይላል። በአብዛኞቹ ጎን ላይ እጅ የምትወጣበት ቀዳዳ አለ፤ በዚያ በኩል ጥቁር ጨርቅ የታሰረበት ዱላ ተወዛውዞ ክንፏን የምትዘረጋ ዝይ ይመስላል።

ሁለተኛው የኤ ቅርጽ ማድፈጫ ሲሆን፣ ሁለት ሰፋፊ ገጾች እንደ ጎጆ ጣሪያ እርስ በርሳቸው ዘንበል ብለው የሚቆሙበት፣ ሦስት ወይም አራት ሰዎች ጎን ለጎን ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚጠብቁበት ነው። ከአናት በላይ ክፍተት ስላለው ሲተኮስ ተነሥቶ መቆም ይቻላል። ጀርባው ወይም ጉልበቱ የሚያመው ሰው፣ ልጆች፣ እንዲሁም ተጋድሞ መተኮስ የማይመቸው አዳኝ ይህኛውን ይመርጣሉ፤ ባለፉት ዓመታት እየተስፋፋ የመጣውም በዚሁ ምቾቱ ነው። ከሁለቱ ሌላ ችካል እየተተከለ እንደ አጥር የሚዘረጋም አለ፤ አሠራሩ ከኤ ቅርጹ ብዙም አይለይም።

ምርጫውን የሚወስነው ግን ምቾት ሳይሆን ማሳው ሊሆን ይገባል። አገዳው ከሥር ተላጭቶ፣ ዙሪያው እስከ አድማስ ጠፍጣፋ ከሆነ፣ ሰው የሚያህል ቁመት ያለው ነገር ምንም ቢሸፈን ክምር ነው፤ መጋደሚያው ብቻ ያዋጣል። የማሳው ዳር ላይ የአጥር መስመር፣ ቦይ፣ አረም የበዛበት ቋጥኛማ ጉብታ ወይም ያልታጨደ የአገዳ ረድፍ ካለ ግን፣ ኤ ቅርጹን ከእሱ ጋር አጋጥሞ መትከል ይቻላል፤ ማድፈጫው ቀድሞ የነበረ ነገር ቅጥያ ሆኖ ይታያል። ወፎቹ የሚያርፉበት ጥግ ከዚህ ዳር 200 ሜትር የራቀ ከሆነስ? አንዱን መምረጥ ግድ ነው፤ በእኔ ግምት ጥሩ መሰወሪያ ያለበት ሁለተኛ ቦታ፣ መሰወሪያ ከሌለበት አንደኛ ቦታ ብዙ ጊዜ ይበልጣል።

በረዶ ሲጥል ነገሩ ይለወጣል፤ ሁለቱም ዓይነቶች ነጭ ሽፋን ይደረግባቸዋል። በቴክሳስ የባሕር ዳር ሩዝ ማሳዎች ላይ ደግሞ ማድፈጫ የሚባል ነገር ሳይኖር ያደኑ ትውልዶች ነበሩ፤ ማሳው ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ነጫጭ ጨርቆችን እየበተኑ፣ ራሳቸውም ነጭ ካፖርት ለብሰው በጨርቆቹ መካከል ይጋደሙ ነበር። የበረዶ ዝዮች ከላይ ሲያዩት ጨርቁም ሰዉም የመንጋው አካል ይመስላቸዋል።

ጨርቁ ከፋብሪካ የማሳ ቀለም ይዞ ከመጣ ሌላ ምን ይቀረዋል?

አዲስ ማድፈጫ ያብለጨልጫል። ጨርቁ ውሃ እንዳያስገባ የተቀባው ልባስ የማለዳ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ እርጥብ ቅጠል ይመልሳል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ በጭቃ መለቅለቅ ነው። ከሚታደንበት አካባቢ አፈር ተወስዶ በባልዲ ውስጥ በውሃ ይበጠበጣል፤ ቀጠን ያለ ገንፎ ሲመስል በመጥረጊያ ወይም በእጅ ጨርቁ ላይ ሁሉ ይለቀለቃል፤ ስፌቶቹ፣ እጥፋቶቹና የመዝጊያዎቹ ጠርዝ ሳይቀሩ። ፀሐይ ላይ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ትርፉ ይራገፋል። ጨርቁ ውስጥ ሰርጎ የሚቀረው ስስ አቧራ ነው ብልጭታውን የሚያጠፋው፤ ዝናብ ባጠበው ቁጥርም ይደገማል። ያልተለቀለቀ አዲስ ማድፈጫ ይዞ ማሳ የሚገባ ሰው ብዙ ነው፤ ይህ የአንድ ከሰዓት ሥራ ስለሆነ መዘለሉ ያስገርማል።

ሁለተኛው ሥራ ማልበስ ነው። በጨርቁ ላይ በረድፍ የተሰፉ የጠፍር ማሰሪያዎች አሉ፤ በእነሱ ውስጥ ከማሳው የተሰበሰበ አገዳና ገለባ እፍኝ እፍኝ እየተደረገ ይሰካል። እዚህ ላይ ሦስት ስሕተቶች ይዘወተራሉ። አንደኛው ከሌላ ቦታ የመጣ ሣር መጠቀም ነው፤ የስንዴ ማሳ ላይ የበቆሎ ቅጠል የለበሰ ማድፈጫ ካልለበሰው እምብዛም አይሻልም። ሁለተኛው ገለባውን አስተካክሎና አስተኝቶ መደርደር ነው፤ በማሳው ላይ ያለው አገዳ በየአቅጣጫው የቆመና የተጋደመ በመሆኑ በሥርዓት የተደረደረው ለብቻው ይለያል፤ የተወሰነው መቆም፣ የተወሰነው መንጠልጠል አለበት። ሦስተኛውና ዋናው ማሳነስ ነው። በቅርብ ሲታይ የሞላ የሚመስል ማድፈጫ ሃምሳ እርምጃ ርቀው ሲያዩት ጨርቁ በየመካከሉ ይታያል፤ ርቆ ማየት፣ ከተቻለም ከፍ ካለ ቦታ ላይ ሆኖ ፎቶ ማንሣት ክፍተቱን ቶሎ ያሳያል። አረንጓዴ አረም የሚጠቀም ሰው ደግሞ የተቆረጠ ቅጠል በአንድና በሁለት ቀን ጠውልጎ ቀለሙን እንደሚቀይር ማስታወስ ይኖርበታል።

ከሁሉ የሚዘነጋው ግን ማድፈጫው ከመሬት ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ነው። አናቱ ምንም ያህል ቢለብስ፣ ጎኑ ቀጥ ብሎ መሬት ላይ ካረፈ ሥሩ ላይ ጥቁር የጥላ መስመር ይፈጠራል። ስለዚህ ገለባ በጎኖቹ ተከምሮ ቀስ እያለ ወደ መሬት እንዲንሸራተት ይደረጋል፤ ብዙ መጋደሚያዎች በአንድ ረድፍ ሲሆኑ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም ይሞላል፤ ከላይ ሲታይ አምስት ጉብታ ሳይሆን ነፋስ ያከማቸው አንድ የገለባ መስመር እንዲመስል ነው። ባለማሳው ከፈቀደ ደግሞ መሬቱን አንድ ስንዝር ያህል ቆፍሮ ማድፈጫውን ማስመጥ ጥላውን ይበልጥ ያሳጥረዋል፤ ሲጨረስ ጉድጓዱን መልሶ መድፈን የግድ ነው፤ ሳይደፈን የቀረ ጉድጓድ ለትራክተር ጎማም ለቀጣዩ ፈቃድም መጥፎ ነው።

ማድፈጫው የት ይተከል?

ዝይና ዳክዬ የሚያርፉት ፊታቸውን ለነፋስ ሰጥተው ነው፤ አውሮፕላን ነፋስን ተቃርኖ እንደሚያርፍ ማለት ነው። ስለዚህ የነፋሱን አቅጣጫ የሚያውቅ አዳኝ ወፎቹ በየት በኩል እንደሚመጡ ያውቃል። ማማለያዎቹ መሐል ላይ ባዶ ቦታ ትተው ይደረደራሉ፤ መንጋው የሚያርፈው እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ነው፤ ማድፈጫውም ከዚያ ቦታ ከ20 እስከ 30 ሜትር ባለ ርቀት ላይ ይሆናል።

ነፋሱን ከጀርባ ማድረግ ቀላሉ መንገድ ነው፤ ወፎቹ ፊት ለፊት ይመጣሉ። ጉዳቱም ከዚሁ የሚመነጭ ነው፤ እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት ድረስ የሚያዩት ማድፈጫውን ነው። በዚህ ምክንያት ብዙዎች ነፋሱ ከጎን እንዲመጣ አድርገው ይተክላሉ፤ መንጋው በፊታቸው ከግራ ወደ ቀኝ ወይም ከቀኝ ወደ ግራ ሲያርፍ ትኩረቱ ማማለያዎቹ ላይ ይሆናል። ፀሐይን ከጀርባ ማድረግም የታወቀ ምክር ነው፤ የአዳኙ ዓይን አይጭበረበርም፣ ወፎቹ ደግሞ ወደ ብርሃኑ ለማየት ይቸገራሉ። ሆኖም ያኔ የማድፈጫው ጥላ ወደ ፊት፣ ወፎቹ በሚያርፉበት በኩል ይወድቃል፤ ነፋስና ፀሐይ ተስማምተው የሚገኙበት ማለዳም ብዙ አይደለም። ረጅም ማድፈጫ የያዘ ሰው ጥላውን፣ አጭር ማድፈጫ የያዘ ሰው ደግሞ ነፋሱን ቢያስቀድም ይሻለዋል።

ሕጉ ስለ ማድፈጫ የሚለው ነገር አለ?

አለ፤ ብዙ ሰው ከሚገምተውም በላይ ዝርዝር ነው። ዝይና ዳክዬ በየዓመቱ የአገር ድንበር ስለሚሻገሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1916 አሜሪካ ካናዳን ከወከለችው ብሪታንያ ጋር ስምምነት ፈረመች፤ በ1918 ደግሞ ስምምነቱን የሚያስፈጽም የፍልሰት ወፎች ሕግ በአሜሪካ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የአደኑ ወቅት፣ የሚፈቀደው ቁጥርና መሣሪያው የሚወሰነው በዚህ ሥር ነው።

ማድፈጫን በቀጥታ የሚነካው ክፍል እህል ስለ መበተን የሚናገረው ነው። ወፎችን ወደ አንድ ቦታ ለመሳብ እህል በትኖ ማደን በአሜሪካ ከ1935 ጀምሮ የተከለከለ ነው። በተለመደው የእርሻ ሥራ የታጨደ ማሳ ላይ በወደቀ ቃርሚያ ማደን ግን ይፈቀዳል፤ ምክንያቱም እህሉን እዚያ ያደረሰው አጨዳው እንጂ አዳኙ አይደለም። እንግዲህ አዳኙ ማድፈጫውን ለማልበስ ከዚያው ማሳ አገዳ ሰብስቦ ቢሰካና አገዳው ላይ ፍሬ ያለው ዘለላ ቢኖርስ? የፌዴራሉ ደንብ ለዚህ ግልጽ መልስ አለው፤ ማድፈጫን በሰብል ቅሪት መሸፈን ይቻላል፤ ሽፋኑ ግን እህል የሚያጋልጥ፣ የሚያስቀምጥ ወይም የሚበትን መሆን የለበትም። በተግባር ሲታይ የሚሰካው ፍሬ የሌለው አገዳና ቅጠል መሆን አለበት ማለት ነው። ያልታጨደ በቆሎ ረግጦ ወይም ሰብሮ ለማድፈጫ ቦታ ማመቻቸትም ችግር ውስጥ ይከታል፤ ያልተሰበሰበ ሰብል ሆን ተብሎ ሲጣል ፍሬው መሬት ላይ ስለሚበተን ቦታው እህል እንደተበተነበት ይቆጠራል።

እህል የተበተነበት ቦታ እህሉ ሙሉ በሙሉ ከተነሣ በኋላም ለ10 ቀናት እህል እንዳለበት ይቆጠራል፤ በእነዚህ ቀናት እዚያ ማደን አይቻልም። ከ1998 ወዲህ ደግሞ ተጠያቂነቱ የሚመዘነው አዳኙ በማወቁ ወይም ማወቅ ይገባው በነበረው ልክ ነው፤ ሌላ ሰው በበተነው እህል ላይ የተጋደመ ሰው ማሳውን ዞር ብሎ ሳያይ «አላውቅም ነበር» ቢል አይጠቅመውም።

የሕጉን መንፈስ ለመረዳት ቀድሞ የነበረውን ማየት ይረዳል። ለገበያ ያድኑ የነበሩ ሰዎች በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤና በመሳሰሉት ውሃዎች ላይ ከውሃው ወለል በታች ዝቅ ብሎ የሚሰምጥ ሣጥን ውስጥ ተጋድመው በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ወፎችን ይገድሉ ነበር፤ ይህ ዓይነቱ ሣጥንና በሕይወት ያሉ ዳክዬዎችን ለማማለያ መጠቀም በ1935 ተከለከሉ። በማሳ ላይ የሚጋደሙበት ማድፈጫ የዚያ ሣጥን የሩቅ ዘመድ ይመስላል፤ ግን በደረቅ መሬት ላይ የሚቆምና ሌሎቹ ገደቦች ሁሉ የሚመለከቱት ስለሆነ ሕጋዊ ነው። ገደቦቹም ጠንካሮች ናቸው፦ ሾትገኑ፣ ማለትም ብዙ ጥቃቅን እንክብሎችን በአንድ ጊዜ የሚተኩሰው ጠመንጃ፣ ከሦስት ጥይት በላይ እንዳይዝ ይደፈናል፤ የእርሳስ ጥይት በአሜሪካ ከ1991፣ በካናዳ ከ1999 ወዲህ ለውሃ ወፍ በመላ አገሪቱ አይፈቀድም፤ በአሜሪካ በመደበኛው ወቅት መተኮስ የሚቻለው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ እስክትጠልቅ ድረስ ነው። ዕድሜው 16 የሞላው አዳኝም የዳክዬ ቴምብር የሚባለውን ፈቃድ ይገዛል፤ ከ1934 ጀምሮ የሚሸጠው ይህ ቴምብር ዋጋው 25 ዶላር ሲሆን፣ ከእያንዳንዱ ዶላር 98 ሳንቲሙ ለወፎቹ መኖሪያ የሚሆን ረግረግና ሣር መሬት ለመጠበቅ ይውላል።

ለየት ያለ አንድ ሁኔታ አለ። የበረዶ ዝይ ከመጠን በላይ ስለበዛና በሰሜን፣ በተለይም በሃድሰን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ፣ የሚራባበትን መሬት ተክል እየነቀለ ስላራቆተው፣ ከ1999 ጀምሮ ከመደበኛው ወቅት ውጭ በተለየ ትእዛዝ እንዲታደን ተፈቅዷል፤ በዚህ ጊዜ በኤሌክትሮኒክ ድምፅ መጥራትና ከሦስት ጥይት በላይ መያዝም ይቻላል።

አደጋው የት ላይ ነው?

ተጋድሞ ከነበረበት በድንገት ቁጭ የሚል ሰው ጠመንጃው ሰፊ ቅስት ይዞ ይወጣል። አምስት ሰዎች በአንድ ረድፍ ይህን በአንድ ጊዜ ሲያደርጉ፣ እያንዳንዱ የሚተኩስበት አቅጣጫ አስቀድሞ ካልተወሰነ የአንዱ አፈሙዝ የሌላውን ራስ ያቋርጣል። ስለዚህ በረድፉ ግራ ያለው ወደ ግራ፣ ቀኝ ያለው ወደ ቀኝ፣ መሐል ያለው ወደ ፊት ብቻ እንዲተኩስ፣ የ«ተኩሱ» ትእዛዝም ከአንድ ሰው ብቻ እንዲወጣ ይደረጋል። አፈሙዙ ወደ እግር በኩል፣ ከእግሩ ግን ውጭ ሆኖ ይቀመጣል፤ ጠመንጃው የሚጎርሰው ሁሉም ገብቶ ከተጋደመ በኋላ ነው፤ ማንም ከማድፈጫው ከመውጣቱ በፊትም ባዶ ይደረጋል። ውሻውም የራሱ ትንሽ ማድፈጫ ያስፈልገዋል፤ ተኩሱ ሳያልቅ ወደ ፊት የሚዘል ውሻ በተኩስ መስመር ውስጥ ይገባል።

ብዙም የማይነገር ሌላ አደጋ አለ፤ በደንብ የተሰወረ ማድፈጫ ከባለቤቶቹም ይሰወራል። ማማለያ ለማራገፍ በጨለማ ማሳው ላይ መኪና የሚነዳ ጓደኛ ገለባ ለብሶ የተጋደመ ሰው አያይም። መኪና ማሳው ውስጥ እስካለ ድረስ ማንም ማድፈጫ ውስጥ አይገባም፤ የተተከሉትም ላይ መብራት ይደረጋል። ከዚህ ሌላ የመሬቱ ብርድ አለ፤ ለሰዓታት የሚጋደም ሰው ከሥሩ ምንጣፍ ካላደረገ ሙቀቱን ከአየሩ ይልቅ መሬቱ ይወስድበታል።

ወፎቹ አይለምዱትም ወይ?

ይለምዱታል። የካናዳ ዝይ በዱር ከ20 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች፤ ጫጩቶቿም የመጀመሪያውን ጉዞ የሚያደርጉት ከወላጆቻቸው ጋር ነው። ከሰሜን ተነሥቶ እስከ ደቡብ የወረደ መንጋ በመንገዱ ብዙ የማማለያ ድርድርና ብዙ ማድፈጫ አይቷል፤ በመንጋው ውስጥ ያሉት አሮጌ ወፎች ደግሞ ያለፉትን ዓመታትም አይተዋል። በወቅቱ መጀመሪያ ላይ በማማለያዎቹ መሐል የተተከለ ማድፈጫ ሲሠራ፣ በመጨረሻው ወር ወፎቹ ድርድሩን ሲያዩ ከፍ ብለው ዙሪያውን መመርመር ይጀምራሉ፤ የሚፈልጉትም ማማለያዎቹን ሳይሆን አጠገባቸው ያለውን ጉብታ ይመስላል። አዳኞቹ ያኔ ማድፈጫውን ከድርድሩ ያርቁታል፣ ወደ አጥሩ ወይም ወደ ቦዩ ይወስዱታል፤ ማማለያውንም ይቀንሳሉ። አንዳንዶች ጭራሽ ማድፈጫውን መኪናው ውስጥ ትተው ቦይ ውስጥ ይተኛሉ፤ ቦዩ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ስለነበረ ወፎቹ የሚጠረጥሩት ነገር የላቸውም።